የውሃ ሞተር

ጫምሳ የውሃ ሞተር ግዛ ተብሎ ሞጆ ተላከ፤ የውሃ ሞተር ገዝቶ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ ማንም ምንም አላጠፋም። ነገሩ የተበላሸው ሞተሩ አዳማ ደርሶ፣ ግቢ ገብቶ፣ ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው። ሚስቱ ሎሚ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እቃውን አንድ ዙር ዞረችው።

«ይሄ ከታች ያለው ምንድን ነው?» አለች።

«የቱ?»

«ይሄ ማራገቢያው።»

ጫምሳ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ከሞተሩ ግርጌ ሦስት ክንፍ ያለው ማራገቢያ የመሰለ ነገር ተሰክቷል። ሞጆ የላከው የሽንኩርት ሸሪኩ፣ የሎሚ ታናሽ ወንድም ጉተማ፣ ዓለም ጤና ከተማ ዳር ሽንኩርቱን የሚያጠጣባቸው የውሃ ሞተሮች እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም። እነሱ በአንድ አፋቸው ይስባሉ፣ በሌላው አፋቸው ይተፋሉ። ይሄኛው አፍ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም።

«ሽንኩርቱን ልታናፍስበት ነው?» አለች ሎሚ።

ጫምሳ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ እቃ አስተላላፊ የሆነውን የድሮ ወዳጁን ማናሴን «የውሃ ሞተር ታገኝልኛለህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ማናሴም «አለ፤ ያልተነካ፣ ከነካርቶኑ» አለው። አልዋሸውም። የጀልባ ሞተርም ቢሆን የውሃ ነው፤ መቼም የጀልባ ሞተር የብስ ላይ አይሄድም።

እዚህ ላይ «ተሳስቻለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጫምሳ ግን ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ያቺን ቃል አንድም ቀን ከአፉ አውጥቷት አያውቅም። አንድ ጊዜ አዋሽ ላይ ሳያስተውል ታጥፎ፣ ሠመራ እገባለሁ ሲል ጭሮ ከተማ ሲገባ፣ እንቅልፉን የጨረሰው ረዳቱ «የት ነው ያለነው?» ብሎ ጠየቀው። ጫምሳም «ጫት ከምንጩ ላስቅምህ ብዬ ነው» አለው። ረዳቱ ጫት አይቅምም ነበር።

«ሽንኩርት በቃኝ» አለ ጫምሳ ቀና ብሎ። «ጀልባ ልገዛ ነው።»

ሎሚ አተኩራ አየችው። «ጀልባ» አለች።

«አዎ፣ ጀልባ።»

ጫምሳ የጠበቀው ጩኸት ነበር። ሎሚ ትጮሃለች፣ ወንድሟን ትጠራለች፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ እሱም ተገዶ፣ ቅር እያለው፣ ሞተሩን ወደ ሞጆ ይመልሳል። ሎሚ ግን ምንም ሳትል ወደ ቤት ገባች። የሚከለክለው ሰው ያጣ ውሸት ደግሞ ባለቤቱን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ብዙም ሳይቆይ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከባቱ፣ አንድ አይሱዙ መጣ፤ ላዩ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ አሮጌ የብረት ጀልባ ተጭኗል። በበሩ አልገባ አለ። በቁመትም፣ በአግድምም፣ በሰያፍም ሞክረው ሲያቅታቸው፣ መንገዱ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው አስቀመጡት፤ ግማሹ በጫምሳ በር፣ ግማሹ በጎረቤቱ በሳሊህ በር ላይ።

ሳሊህ የወሎ ሰው ነው፤ መናኸሪያው አካባቢ ፍራሽ ይሸጣል። እሱና ጫምሳ ሰላም ከተባባሉ ዓመታት አልፈዋል። ጠባቸው የመጣው በክላክስ ነው። ጫምሳ ጡረታ ወጥቶ ተሳቢውን ሲሸጥ ክላክሱን ብቻ ፈትቶ አስቀረው፤ አምጥቶም የግቢው በር ላይ ደወል አድርጎ ገጠመው። ክላክሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነፋ ሳሊህ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጋደም ብሎ ነበር። ብድግ አለና በሸሚዝና በሽርጥ እየሮጠ ወጣ፤ ግራና ቀኝ አይቶ «ጎረቤት፣ መኪናው የታለ?» አለ። ሰውየው የምሩን ነው የጠየቀው፤ የሚገጨው መስሎታል። መኪናውን በሸጠ ሳምንት እንዲህ የተባለው ጫምሳ ግን ስድብ አድርጎ ወሰደው። በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ጀልባው እሁድ ሐይቅ ሊገባ፣ ቅዳሜ ጉተማ ከዓለም ጤና መጣ። ጀልባውን ዞሮ አየ፣ ሞተሩን ዞሮ አየ።

«ማል ኩን? ምንድን ነው ይሄ?» አለ እህቱን። ሎሚ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ጉተማ ትሑት ሰው ነው፤ የእህቱን ባል ፊት ለፊት አይናገርም። ጫምሳ ያላመጣለትን የውሃ ሞተር ራሱ ሄዶ ገዝቷል፤ እሱንም አላነሳም። «ጋሼ» አለ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሐይቁ መሀል ሄዶ ከሚቆም እዚህ ቢሞከር አይሻልም? እዚያ ጋራዥ የለም። ጉማሬ ነው ያለው።»

ጫምሳ ጉማሬ የሚለውን ሲሰማ እጁን ከጀልባው ጠርዝ ላይ አነሳ። ፊቱን ግን አላጠቆረም። «እኔም ይህንኑ ላደርግ ነበር» አለ።

ማዶ ባጃጅ የሚጠግነው ፍሬዘር ተጠራ። ፍሬዘር የጀልባ ሞተር ነክቶ አያውቅም፤ ያላየው ሞተር ግን አያስፈራውም። ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን አየና «በደረቁ አይነሳም፤ ማቀዝቀዣው ውሃ ይፈልጋል። እግሩ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት» አለ። በርሜል ተንከባሎ መጣ። ጠርዙ ላይ ወፍራም ጣውላ አሰሩ፣ ሞተሩን ጣውላው ላይ በብሎን አጠበቁት፣ ማራገቢያው ወደ በርሜሉ ውስጥ ተንጠለጠለ። ቀረ ውሃው። ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠቀመው ያጠራቀመውን ነው። ሎሚ ለልብስ አጠባ ያስቀመጠችውን ውሃ በጄሪካን እያወጣች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በርሜሉን እስከ አፉ ሞላችው። ጫምሳ ይህ ነገር ገረመው፤ ሌላ ጊዜ ለእግሩ መታጠቢያ እንኳ በኩባያ ነበር የምትሰጠው።

ፍሬዘር ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ደጋግሞ ሳበ። ጉተማ ተቀበለው፤ እስኪያልበው ሳበ። ጫምሳም በተራው ሳበ፤ ሲስብ ግን በልቡ እየጸለየ ነበር። «አምላኬ፣ አታስነሳው። ተበላሽቷል ይበሉኝ፣ የሞጆ ሰው አታለለው ይበሉኝ፤ ብቻ ሐይቅ አልግባ።» ሞተሩ ድምፅ አላሰማም። ጫምሳ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ወደ አጥሩ ዞረና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። «ሞክረናል።»

«እስቲ እኔ» አለች ሎሚ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ አንድ እግሯን በርሜሉ ላይ ተከለች፣ ገመዱን በአንድ እጇ ላጥ አደረገችው። ሞተሩ ተነሳ።

ድምፁን የወፍጮ ነው ቢሉት ያንሰዋል። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። ፍሬዘር በደስታ ዘለለና «ማርሹም ይታይ!» ብሎ እጀታውን ወደፊት ገፋው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ለቅጽበት ሰብሰብ አለ፤ ከዚያ እንዳለ ብድግ ብሎ ተነሳና አጥሩን ዘሎ ሳሊህ ግቢ ገባ።

ፍሬዘር ማርሹን ሊመልስ ሳበው፤ አልመለስም አለ። ማጥፊያውን ቀይ ቁልፍ ተጫነ፤ ቁልፉ ገባ፣ ወጣ፣ ሞተሩ ግን ነገሬም አላለው። ሞተሩን ከሚለኩሰው ካንዴላ ላይ ገመዱን ሊነቅል እጁን ሰደደ፤ በረጠበ እጁ ኤሌክትሪኩ ነዝሮት ወደኋላ ተፈናጠረ።

«ውሃ!» ብሎ ጮኸ ከወደቀበት። «ውሃው ካለቀ ይቃጠላል! ጨምሩ!»

ሎሚ ጨመረች፤ ማራገቢያው ወረወረው። ጉተማ ጨመረ፤ ወረወረው። በርሜሉ እየተንቀጠቀጠ ወደ ኩሽናው መራመድ ጀመረ፤ ጉተማ ባልዲውን ጥሎ በርሜሉን አቀፈው። አቅፎትም «ጋሼ!» ብሎ ጮኸ፣ «ይሄኮ ከኔ ሞተር አብልጦ ውሃ ይረጫል!»

ጫምሳ ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት ገባና በሩን ዘጋ፤ ትንሽ የሚሰማው እዚያ ነው። ማናሴ ጋ ደወለ።

«አልጠፋ አለኝ!»

«ምኑ?»

«ሞተሩ! ተነሥቶ አልጠፋ አለ!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?» አለ ማናሴ። «ሰው ሁሉ አልነሳ አለኝ ብሎ ነው የሚደውልልኝ። አንተ እድለኛ ነህ፤ እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ዘጋው።

ጫምሳ ከሽንት ቤት ሲወጣ ግቢው ውስጥ ሳሊህ ቆሟል። ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ውሃ ይንጠባጠባል። አንድ እርጥብ ፍራሽ በብብቱ ይዟል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በእጁ ወደ ራሱ ግቢ ያመለክታል፣ ከዚያ ወደ በርሜሉ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ። በሞተሩ ጩኸት አንዲት ቃል አትሰማም። ጫምሳ የሰውየውን እጅ ተከትሎ አጥሩን ተሻግሮ አየ፤ እዚያ የሳሊህ ትልቁ ጥቁር ሮቶ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ በሰፈሩ ሙሉ የሆነ ሮቶ የእሱ ብቻ ነው። ጫምሳ ገባው። ጎረቤቱ ጠቡን ሁሉ ትቶ፣ በመከራ ቀን፣ ውሃ አለኝ እያለው ነው። እንባው መጣ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለለት።

ሳሊህ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፍራሹን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ዞረ፣ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ከአጥሩ በላይ የሚስቱ የዙለይካ እጅ ብቅ አለ፤ የሮቶውን ቱቦ ይዛለች። ቱቦው በርሜሉ ውስጥ ገባ። ሳሊህ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ቱቦውን ያዘ።

ከመንገድ የሚያየው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ቧንቧ በደረቀበት ሰፈር፣ ከጫምሳ ግቢ ውሃ እንደ ጉድ እየፈለቀ አጥር ይዘላል። ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ ወጣላቸው ተባለ። የእድሩ ሰብሳቢ እንቁ በሁለት እጇ ጄሪካን ይዛ፣ ሌሎች ሴቶች አስከትላ ገባች። ንግግሯ ባይሰማም ከፊቷ ይነበባል፤ ለሰፈሩ ሳትነግሩ ብቻችሁን! ትላለች። ሴቶቹ በሳሊህ ግቢ በኩል ተሰልፈው ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ በሳፋ መቀበል ጀመሩ። ሳሊህ ከሮቶው ወደ በርሜሉ ያፈሳል፣ በርሜሉ ወደ ሳሊህ ግቢ ይወረውራል፣ ሴቶቹ ይቀዱታል። ሳሊህ አንድ ሁለቴ ቱቦውን፣ አንድ ሁለቴ ሳፋዎቹን አየ፤ ከዚያ ማሰቡን ተወው።

ጫምሳ በዚህ ሁሉ መሀል ቆሞ አንድ ነገር ልብ አለ። ማንም ማንንም አይሰማም። ሎሚ አጠገቡ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «በስህተት ነው የገዛሁት!» አለ። ሎሚ ራሷን ነቀነቀችና ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ምድር አልተሰነጠቀችም። ጫምሳ ደረቱ ቀለለው። ወደ ጉተማ ሄደና «የሽንኩርቱን ሞተር መስሎኝ ነው! ተሳስቼ ነው!» ብሎ ጮኸበት፤ ጉተማ በርሜሉን እንዳቀፈ ፈገግ አለለት። ያ ቃል፣ ያን ሁሉ ዘመን ያልወጣው ቃል፣ አሁን እንደ ዘፈን ይወጣለት ጀመር። ለሳሊህ «ያንን ክላክስ እኔም አልወደውም!» አለው። ለእንቁ «ያኔ ወደ ጭሮ የሄድኩት መንገድ ጠፍቶብኝ ነው!» አላት፤ እንቁ ጭሮ የትኛው ጭሮ እንደሆነ አታውቅም፣ ደግሞም አልሰማችም።

ፍሬዘር በዚህ መሀል አንድ ፌስታል በሌላ ፌስታል ላይ ደራርቦ እጁ ላይ አሰረ፤ ደረቅ ጣውላ ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ካንዴላው ገመድ ሰደደ። ጫምሳ አላየውም። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ውሃው ፊቱ ላይ እየወረደ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮህ ነበር፤

«ዋና አልችልም!»

ሞተሩ የጠፋው ከዚህች ቃል በፊት ነበር። ለጥቂት ብቻ፤ ግን በፊት። ቃሏ በጸጥታው ላይ ወጣች፣ አጥሩን ተሻገረች፣ የሳሊህ ግድግዳ ጋ ደርሳ ተመለሰች። ሴቶቹ ሳፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ከቆርቆሮው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ማን ነው ዋና የማይችለው?» አለች ዙለይካ ከአጥሩ ማዶ።

ጫምሳ እጆቹን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«ጋሼ፣ ነገ ጀልባውን የሚነዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ ፍሬዘር፣ እጁ ላይ ያለውን ፌስታል እየፈታ።

ጫምሳ ሎሚን አየ። ውሸት ፈለገ፤ አፉ ላይ የቀረበ አጣ። «የገዛሁትም በስህተት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሽንኩርቱን ፓምፕ መስሎኝ ነው።»

«እሱንማ ካርቶኑ የተቀደደ ዕለት ነው ያወቅኩት» አለች ሎሚ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሎሚ የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች። «ጀልባ ልገዛ ነው አልከኝ። እኔ መቂ ነው ያደግኩት፤ ሐይቁን ከሩቅ ሳየው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ላዩ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ብናገር ትመልሰዋለህ ብዬ ነው።»

ጫምሳ እውነቱን ሲናገር ነፃ የሚወጣ መስሎት ነበር። አሁን ግን ከውሸቱ የባሰ ነገር ገጠመው፤ ሚስቱ መሄድ ትፈልጋለች።

«ዋና እኔ እችላለሁ» አለ ሳሊህ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ቱቦው አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ሐይቅ ነው የተወለድኩት፤ የወሎው ሐይቅ። ልጅ ሆነን ውሃ ውስጥ ነው የምንውለው። በታንኳም ሄጃለሁ፤ ሞተር ብቻ አላውቅም።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ ጫምሳ፣ ቅድም ግን ለምን ጎንበስ አሉልኝ?»

«ውሃ አለኝ ሲሉኝ ነዋ! ሮቶውን ሲያሳዩኝ!»

«እኔ?» አለ ሳሊህ። «እኔ ወላሂ ፍራሼን አራሳችሁብኝ፣ አላህ ይይላችሁ ነው ያልኩት። ሌላም ብያለሁ፤ አይደገምም። ከዚያ እርስዎ ጎንበስ ሲሉ አፈርኩ። ይቅርታ የጠየቁኝ መስሎኝ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ቀድሞ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁለቱም እኔ አይደለሁም ይላሉ። ጫምሳ ያን ዕለት ሳሊህን አንተ አለው፤ ሳሊህም አንተ አለው። እርጥቡን ፍራሽ አብረው ይዘው ጀልባው ላይ አሰጡት። ፍሬዘር ማርሹን በዘይት አላላው፤ የማጥፊያውን ቁልፍም ነቅሎ የባጃጅ ቁልፍ ገጠመለት፤ አስነሥተው አጠፉት፣ ደግመው አስነሥተው አጠፉት። ሴቶቹም ጉድጓድ አለመኖሩን ቢሰሙም የቀዱትን ውሃ አልመለሱም።

እሁድ ጠዋት ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባውን ገፍተው ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ጫምሳ የተነፋ የመኪና ካላማዳሪ ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ። ከተሳቢ ጎማ ውስጥ የወጣ ነው፤ እሱን ይዞ ጀልባው ውስጥ ሲቀመጥ ለሌላ ሰው ብዙም ቦታ አልቀረም። ዳር ላይ የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ ዓሣውን ትተው ያዩት ነበር። ሳሊህ ከፊት ተቀመጠ። ጉተማ «እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ» ብሎ የብስ ላይ ቀረ። ሞተሩን ማን ይያዘው የሚል ጥያቄ አልተነሳም፤ ሎሚ በአንድ ሳብታ አስነሥታ እጀታውን ይዛለች።

ጫምሳ ዕድሜ ልኩን ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ አያውቅም። «ቀኝ!» አላት። ሎሚ እጀታውን ወደ ቀኝ ገፋች፤ ጀልባው ወደ ግራ ሄደ። «ቀኝ አልኩሽ እኮ!» አብዝታ ገፋች፤ ጀልባው አብዝቶ ወደ ግራ ሄዶ ዞሮ ወደ ጉተማ ተመለሰ። ጉተማ እጁን አውለበለበላቸው። ደግመው ሄዱ፤ ደግመው ተመለሱ፤ ጉተማም ደግሞ አውለበለበላቸው።

«ጫምሳ» አለች ሎሚ በመጨረሻ፣ «ቀኝ እንድሄድ ስትፈልግ ግራ በለኝ።»

«ግራ ማለት እኮ ስህተት ነው!»

«እንደሱም ቢሆን በለኝ።»

ጫምሳ ካላማዳሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ትንሽ አሰበ። «ግራ» አለ። ጀልባው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ቀጥ አለ፣ ደሴቶቹ ወዳሉበት ውሃውን እየሰነጠቀ ሄደ።

ዳሩ ሲርቅ ሎሚ ሞተሩን አጠፋችው።

«ምነው?» አለ ጫምሳ ደንግጦ።

«ዝም ብዬ ልየው ብዬ ነው።»

ሐይቁ ቀላ ያለ ነው፤ ማዶ ተራራው በጉም ተሸፍኗል። ሎሚ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ጫምሳ ፊቷን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ደስ አለው፤ ግን አንድ ነገር አላስቀመጠው አለ። ወደ ሳሊህ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ጠየቀ።

«እዚህ ጋ ጥልቀቱ ምን ያህል ይሆናል?»

ሳሊህ ከጠርዙ ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ። «ላንተ ምን ያደርግልሃል?» አለ። «አንተ በዚህ ካላማዳሪ መስመጥ ብትፈልግስ መቼ ትችላለህ?»

ጫምሳ ሳይፈልግ ሳቀ፤ ጀልባው አብሮት ተወዛወዘ፤ መወዛወዙን ሲያይ ሳቁን ዋጠ፤ ሎሚ ዞራ ስታየው ግን መልሶ ሳቀ።